ጠዋት ጠዋት ላፕቶፕ ቦርሳ ይዤ ወጥቼ ባጃጅ ነው ምነዳው፣ ይሄን ‹ኢንጂነር› ሚባል ሰውዬ እንዴት ልሸኘው?

የሳቢያን ልጅ፦

ሰላም ያ ጀመዓ፣ ድሬዎች ሐረሮች እንዴት ናችሁ። እዚ ሁሌ አነባለሁ እንጂ ጽፌ አላውቅም፣ ዛሬ ግን ለሰው በአፌ ማውራት ስላቃተኝ ልጻፈው ብዬ ነው። ረዘም ይላል ታገሱኝ።

28 አመቴ ነው። ሲቪል ኢንጂነሪንግ ተምሬ አዲስ አበባ አንድ ኮንትራክተር ጋር ሶስት አመት ሳይት ላይ ሰርቻለሁ። ፕሮጀክቱ ሲቆም እኛንም አሰናበቱን፣ የሁለት ወር ደሞዜም እዛው ቀረ። ከዛ ሲቪ ይዤ ስዞር ስዞር የቤት ኪራይ ሲያልቅብኝ ወደ ድሬ ተመለስኩ። መኪናው ጭሮ ላይ ለምሳ ሲቆም እናቴ ደወለች፣ ‹በደህና ነው ምትመጣው?› ስትለኝ ‹አዎ እማ፣ ድርጅቱ ድሬ ስራ ይዞ እዚያ መድቦኝ ነው› አልኳት። አስቤበት አልነበረም፣ ከአፌ ወጣ። የሚቀጥለው ሳምንት አስተካክለዋለሁ ብዬ ነበር፣ ይኸው 14 ወር ሆነው።

አሁን ምኖረውን ልንገራችሁ። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሸሚዜን ተኩሼ፣ የላፕቶፕ ቦርሳ ይዤ ከቤት እወጣለሁ፣ እናቴ በር ድረስ ሸኝታኝ ‹ገብርኤል ይከተልህ› ትላለች። ቦርሳው ውስጥ ግን ላፕቶፑ የለም፣ ገና ድሮ ሸጬዋለሁ፣ ያለው ቲሸርትና ነጠላ ጫማ ነው። አንድ ጓደኛዬ ጋራዥ ገብቼ ልብስ ቀይሬ የሰው ባጃጅ እነዳለሁ። ቀን ሙቀቱ ሲከርር ሰው ሁሉ ሱቁን ዘግቶ ቤቱ ገብቶ ሲተኛ እኔ ከዚራ ሰፈር ዛፍ ስር አቁሜ ባጃጁ ውስጥ እተኛለሁ ምክንያቱም በዛ ሰዓት ቤት ከገባሁ ‹ቢሮ የለም እንዴ› ልባል ነው። ማታ ለባለንብረቱ ገቢ አስገብቼ ሸሚዜን መልሼ ለብሼ ነው ቤት ምገባው። ከማገኘው እየቆጠብኩ በየወሩ ደሞዝ ብዬ እሰጣታለሁ፣ እሱ እንኳን ተቋርጦ አያውቅም።

ስራው አያሳፍረኝም፣ ወላሂ አያሳፍረኝም፣ ቢያንስ ለራሴ እንደዛ ነው ምለው። የከበደኝ ነገር ሌላ ነው፣ እኔ የትም የለሁም። ቤት ስሆን ኢንጂነሩ ነው ያለው፣ ስለሌለ ሳይት ያወራል፣ ስለሌለ ፎርማን ያማርራል። ስነዳ ደግሞ አይኔ ስፖኪዮ ላይ ነው፣ ማን አየኝ ማን አወቀኝ እያልኩ። ስፖኪዮውን ራሱ የኋላ መኪና ማይበት አርጌ ሳይሆን የተሳፋሪ ፊት ማይበት አርጌ ነው ያስተካከልኩት። ቀፊራ በር ላይ እናቴ ገበያ ትወጣለች ብዬ አልጭንም፣ ከሳቢያን ሚሄድ ሰው ኮንትራት ቢለኝ እንኳን እምቢ እላለሁ። ባለፈው ደቻቱ ድልድይ አጠገብ አንድ ህጻን ዘሎ መንገድ ገባ፣ በስንት ጣር ነው ፍሬን የያዝኩት፣ ያላየሁት ደግሞ ጥላ ይዛ ምትሄድ ሴትዮ የእናቴ እድርተኛ ትሆን እንዴ እያልኩ ሳጣራ ስለነበረ ነው። ልጁ ምንም አልሆነም። እኔ ግን ቆሜ እጄ ሲንቀጠቀጥ ነበር፣ ለውሸቴ ብዬ የሰው ልጅ ልገድል ነበር እኮ።

አንድ ነገር ልጨምር። ኢንጂነር ልሁን ያልኩት በ1998ቱ ጎርፍ ነው። ያኔ ልጅ ነበርኩ፣ ደቻቱ ወንዝ በሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ፣ ጠዋት አባቴ እጄን ይዞኝ ሄዶ የፈረሰውን ሰፈር አይቻለሁ። ከዛ ቀን ጀምሮ ግንብ እሰራለሁ ውሃ አቆማለሁ ስል ነው ያደግኩት። አባቴም እሱን እንደሰማ ነው ያረፈው። እናቴ ደግሞ ‹ልጄን አገሩ መደበልኝ› ብላ አምና ታህሳስ 19 ለቁልቢ ገብርኤል ጥላ አስገብታለች። እንግዲህ አስቡት፣ ስለቱ ራሱ የኔ ውሸት ላይ ነው የቆመው።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። አንደኛ እንዴት ነው ምነግራት፣ በምን ቃል። ሁለተኛ ደግሞ ብነግራትስ ከዛ በኋላ ማን ነኝ፣ ይሄን ሰውዬ ከላዬ ሳወርደው ከስር ሰው ይኖራል ወይ። ሁለተኛው ነው ሌሊት ሚያስነሳኝ።

የነምበር ዋን ልጅ፦

አቦ ዝም ብለህ ንገራት! 14 ወር ሙሉ ደሞዝ የሰጣት ልጅ ምን ልትለው ነው። እዚ ከተማ ዲግሪ ይዞ በርጫ ላይ ሚውል ስንት አለ፣ አንተ ሰርተህ ነው ምትበላው። ዛሬውኑ ንገራትና እረፍ።

ቁጢ በወተት፦

ወንድሜ ሰላም ላንተ ይሁን፣ ሁለቴ ነው ያነበብኩት ጽሁፍህን። ‹ዝም ብለህ ንገራት› ያለው ወንድማችን በቅንነት ነው ግን ያላየው ሰው ነው ቀላል ሚመስለው። እኔ አይቼዋለሁ።

ሐረር ነኝ፣ ጁገል ውስጥ። ጅዳ 6 አመት ሰው ቤት ሰርቼ ነው የተመለስኩት። መጨረሻ ላይ የነበርኩበት ቤት የስምንት ወር ደሞዜን ሳይከፍሉኝ ነው ያባረሩኝ፣ ባዶ እጄን። እዚ ግን ማን ያውቃል፣ ከአረብ አገር የመጣች ተባልኩ በቃ። ዘመድ ሁሉ ሊጠይቀኝ መጣ፣ ያንዱ ልጅ ሊያገባ ነው፣ ያንዱ ቤት ሊታደስ ነው፣ እኔም የለኝም ማለት ሞት መሰለኝ። ተበድሬ ሰጠሁ። ሰርግ ሲኖር የሰው ወርቅ ተውሼ አደረግኩ፣ ስጨፍር ስስቅ አንዱ እጄ አንገቴ ላይ ነበር፣ ቢጠፋ በምን እከፍላለሁ እያልኩ። አንተ ስፖኪዮ ያልከው ለኔ ያ ወርቅ ነው። የሰርጉን ዘፈን አንዱንም አላስታውስም ብልህ ታምነኛለህ? ከእህቴ ልጅ ሰርግ አልነበርኩም ማለት ነው፣ ወርቁ ነበረ እንጂ።

ሶላቴም እንደዛ ሆነ። ቆሜ ስሰግድ ልቤ እዳ ይቆጥራል። በኛ ዲን ሪያ ሚባል ነገር አለ፣ ስራህን ሰው እንዲያይልህ ብለህ ስትሰራው፣ ነብያችን ሰ.ዐ.ወ ትንሹ ሺርክ (በአላህ ማጋራት) ብለው ያስጠነቀቁት ነው። እኔ ሪያ ማለት መስጊድ ውስጥ ረጅም ሱጁድ ማስረዘም ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ ልግስናዬም ሪያ ነበር፣ ሳቄም ሪያ ነበር። ይሄ ሲገባኝ ነው የደነገጥኩት፣ ምክንያቱም ሰውን ብቻ አይደለም፣ ጌታዬ ፊት ስቆምም ያችን የአረብ አገር ሀብታም ነው ይዤ ምቆመው።

አሁን እንዴት ነገርኩ ላልከው። አክስቴ ስፌት ትሰፋለች። የሐረሪ ቤት ገብተህ ምታውቅ ከሆነ ግድግዳው ላይ የሚሰቀለው ስፌት፣ ነደባው (ከፍና ዝቅ ያለው መደብ)፣ ሁሉ ሰው በየማዕረጉ ሚቀመጥበት ቦታ አለው። ከመጣሁ ጀምሮ እኔን ከፍ ያለው ላይ ነበር ሚያስቀምጡኝ፣ እምቢ ማለት አልችልም። አንድ ቀን አክስቴ ብቻዋን ስትሰፋ ወርጄ አጠገቧ ተቀመጥኩና እኔም ልሞክር አልኳት። ስፌት ደግሞ ታውቃለህ፣ አንዷን ቀለም ካሳሳትክ ጌጡ ይበላሻል፣ መፍታት ነው ያለህ፣ ስለዚህ ሌላ ማሰብ አትችልም፣ እጅህ ያለበት ነው ያለኸው። አንድ ሰዓት ያህል ከሰፋን በኋላ ፊቷን ሳላያት፣ እሷም ፊቴን ሳታየኝ፣ ‹አክስቴ እኔ ገንዘብ የለኝም፣ ያለኝ እዳ ነው› አልኳት። እጇ ስላላቆመ ነው መቀጠል የቻልኩት። ፊት ለፊት ተቀምጠን ቢሆን አፌ አይከፈትም ነበር።

ስለዚህ ምመክርህ ይሄ ነው፣ እናትህን ‹ቁጭ በይ ምነግርሽ አለ› ብለህ አታስደንግጣት፣ የሆነ ነገር እየሰራች እያለ አብረሃት ስራ፣ ሽንኩርት ይሁን ምስር ይሁን፣ እጃችሁ አንድ ቦታ ሲሆን ነው ሚቀለው። እና ሁሉም ጥሩ ይሆናል ብዬ አልዋሽህም። ከዘመዶቼ ሁለቱ እስካሁን አያናግሩኝም፣ ደብቃ ነው ይላሉ። እዳውን ግን እየከፈልኩ ነው፣ ስፌት እየሰፋሁ ለቱሪስት ሚሸጡ ሰዎች እሰጣለሁ።

ጡረተኛው የለገሃር፦

ልጄ እንደምን ነህ። እኔ በስልክ መጻፍ ብዙም አይሆንልኝም፣ የልጅ ልጄ ናት ምትጽፍልኝ፣ እኔ እየነገርኳት።

የምድር ባቡር ሰራተኛ ነበርኩ፣ 31 አመት፣ ወርክሾፕ ውስጥ መካኒክ። አንተ ያላየኸው ዘመን ነው፣ ድሬ ውስጥ የባቡር ሰራተኛ ማለት ሰው ማለት ነበር። ፈረንሳይኛ እንቀላቅላለን፣ ካኪ ለብሰን ከዚራን ስናቋርጥ ባለሱቁ ተነስቶ ነው ሰላም ሚለን፣ ሚስት ስጠይቅ ‹ባቡር ነው ሚሰራው› ተብሎ ነው የተሰጠኝ፣ ስሜን እንኳን አልጠየቁም። ታዲያ አሮጌው ባቡር እየታመመ እየታመመ ሄዶ ሲቆም፣ እኛም አብረን ቆምን። ጡረታ አወጡኝ። እኔ ግን ጠዋት ጠዋት ካኪዬን ለብሼ ለገሃር እሄድ ነበር። ሶስት አመት! በሩ ላይ ከጓደኞቼ ጋር ተቀምጠን ስለ ሎኮሞቲቭ እናወራለን፣ ሰው ሲያልፍ ቀና እንላለን። ማንንም አልዋሸሁም፣ ሁሉም ባቡሩ መቆሙን ያውቃል። ግን ልጄ፣ ራሴን ነበር ምዋሸው፣ እሱ ደግሞ ሚያየው ሰው ስለሌለ ይከፋል።

ከዛ አንድ ቀን ጎረቤታችን የልብስ ስፌት መኪናዋ ተበላሽቶ አለቀሰች፣ እንጀራዋ ነው። ሲንጀር ናት፣ አሮጌ። ልየው ብዬ ገለበጥኩት፣ ውስጡ ጨርቅና አቧራ ጠቅጥቆታል፣ አንዱ ብሎን ተበልቷል። አጸዳሁ፣ ዘይት ሰጠሁ፣ ለብሎኑ ምትክ ፈለግኩ፣ ስሞክር ስሞክር ቀና ስል መሽቷል። ካኪዬን አውልቄ በሽርጥ ነበር የተቀመጥኩት፣ እጄ ዘይት ነው፣ እና በዛ ሁሉ ሰዓት ውስጥ አንዴም የባቡር ሰው መሆኔን አላሰብኩም። እንደዛ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ማታ ተኝቼ ነው የገባኝ፣ እኔ ባቡሩን ሳይሆን የተበላሸ ነገር ሲነሳ ማየትን ነበር ለካ ምወደው። ባቡሩ ካኪውን ሰጠኝ እንጂ እጄን አልሰጠኝም።

አሁን መጋላ ልብስ ሰፊዎቹ ጋር እየዞርኩ ነው ምጠግነው። አንተ ‹ከስር ሰው ይኖራል ወይ› ብለሃል። ያ በአባትህ እጅ ተይዞ የፈረሰውን ቤት ያየው ልጅ ማን ነው ታዲያ? እሱን ድርጅቱ አልቀጠረው ድርጅቱ አያባርረው።

ድሬን ራሷን እያት። በእኛ አቆጣጠር 1895 ሃዲዱ ከጅቡቲ ሲመጣ ወደ ሐረር ተራራ መውጣት ስለከበደው እዚ ሜዳ ላይ አስቀሩት፣ ከተማይቱንም አዲስ ሐረር አሏት። የሌላ ሰው ስም ማለት ነው፣ ሐረርን እንድትመስል። ሐረር ግን ሐረር ናት፣ ግንብ አላት ታሪክ አላት፣ ይቺ ሞቃት ሜዳ ሐረር ልትሆን አትችልም። ስሙም አልያዘም፣ ሰው ድሬዳዋ እንዳላት ቀረች። ይሄን ድሮ ወርክሾፕ ውስጥ ታላላቆቻችን ሲያወሩት ዝም ብዬ ነበር ምሰማው፣ አሁን ነው ምወደው ታሪኩን።

ለእናትህ ንገራት። ካኪ ለብሰህ በር ላይ አትቀመጥ።

ሳይኮሎጂ 4ኛ አመት፦

ጋሼ እጅ ነስቻለሁ፣ የእርስዎን አንብቤ እኔ ምን እጽፋለሁ ብዬ ነበር፣ ግን ከትምህርቱ አንድ ሁለት ነገር ልጨምር ምናልባት ለሌላም ሰው ይጠቅም እንደሆነ።

ዶናልድ ዊኒኮት ሚባል እንግሊዛዊ የህጻናት ሐኪም ነበር፣ የስነ ልቦና ተንታኝም ነው፣ በፈረንጆቹ 1960 ላይ ስለ እውነተኛው እኔ እና ስለ ሐሰተኛው እኔ ጽፏል። ሰው ሚስተው ነገር፣ ዊኒኮት ሐሰተኛውን እንደ ጠላት አልነበረም ሚያየው። ስራው እውነተኛውን መደበቅና መጠበቅ ነው ይላል፣ ደህና ሁኔታ እስኪመጣ ድረስ። ደግሞ ሁላችንም ትንሽ ትንሽ አለን፣ ጨዋነታችን፣ በሰው ፊት ሁሉን አለመናገራችን ከሱ ነው፣ ያ ጤነኛው ነው። ችግሩ ጠባቂው ቤቱን ወርሶ ባለቤቱን ሲያስወጣው ነው። ስለዚህ ወንድሜ፣ ጭሮ ላይ ስልክ ያነሳውን ልጅ አትስደበው፣ የእናቱን ፊት ማጨለም የፈራ ልጅ ነው። አመስግነውና አሰናብተው።

ሁለተኛ የትም የለሁም ላልከው። በ2010 በፈረንጆቹ ሃርቫርድ ሁለት ተመራማሪዎች ለ2250 ሰው በስልክ አፕ በዘፈቀደ ሰዓት እየጠየቁ፣ አሁን ምን እየሰራህ ነው፣ ሃሳብህስ እሱ ላይ ነው ወይ ምን ይሰማሃል እያሉ፣ 46.9 በመቶ ሚሆነው ጊዜ የሰው ሃሳብ ከሚሰራው ነገር ላይ አልነበረም። እና ሃሳቡ ሲሄድ ሰው ደስታው ይቀንሳል፣ ደስ ሚል ነገር እንኳን እያሰበ ቢሆን ከስራው ላይ ካለው ሰው የበለጠ ደስተኛ አልሆነም። ያም ማለት አንተ ብቻ አይደለህም፣ ሁሉም ሰው ግማሽ ቀኑን የለም። ያንተ ግን ሃሳብህ ሚሄድበት ቦታ ሁሌ አንድ ነው፣ ማን አየኝ። እሱን እናትህ ካወቀች በኋላ ብቻ ነው ሚለቅህ፣ በማሰላሰል በመተንፈስ ምናምን አይለቅም፣ ምክንያቱም ፍርሃትህ እውነተኛ ምክንያት አለው። መጀመሪያ ምክንያቱን አንሳው።

ስትነግራት ደግሞ ቁጥሩን ቀድመህ ተናገር፣ 14 ወር ብለህ። ዙሪያ ጥምጥም አትሂድ። ከተናገርክ በኋላ ዝም ስትል ዝምታውን በወሬ አትሙላው። ትቆጣ። መቆጣት መብቷ ነው፣ ቶሎ እንድትምርህ መገፋፋትም ሌላ ማስመሰል ነው ሚሆነው።

የነምበር ዋን ልጅ፦

ይቅርታ ወንድም መጀመሪያ ቸኩዬ ነው የጻፍኩት። ሁሉን ሳነብ እኔም የራሴን አየሁ። እኔ ምዋሸው ሰው የለም ነበር ምለው፣ ግን 9 ሰዓት ላይ ምርቃና ሲይዘኝ አምስት ፎቅ ሰርቼ፣ አስመጪ ላኪ ሆኜ፣ ለሰፈር ልጅ ሁሉ ስራ ሰጥቼ ነው ምነሳው፣ ጓደኞቼም እንደዛው፣ ያቺን ሰዓት አሁን ላይ ያለን ይመስለናል፣ ሁሉም ነገር ጥርት ብሎ ነው ሚታየው እኮ። ጠዋት ግን ያ ሰውዬ የለም። ለካ እኔም በቀን ለአራት ሰዓት ያህል ሌላ ሰው ነኝ።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅህ፣ ከነገርካት በኋላ ፌስቡክ ላይ ባጃጅ ላይ ፎቶ ተነስተህ ‹ስራ ክቡር ነው፣ ኢንጂነሩ የባጃጅ ሹፌር› ምናምን ብለህ እንዳትለጥፍ። ላይክ ይመጣልሃል፣ ሰው ያለቅሳል፣ ከዛ ደግሞ እሱን ሰውዬ ሆነህ ልትኖር ነው፣ ሐቀኛው ድሃ። እሱም ሌላ ሸሚዝ ነው። የተማርከውም ውሸት አይደለም፣ አምስት አመት ተምረሃል። ውሸቱ ቦርሳው ነው።

የሳቢያን ልጅ፦

እህቴ ቁጢ፣ ጋሼ፣ ሳይኮዬ፣ ነምበር ዋን፣ ምን ልበላችሁ። ጋሼ የጻፉትን ከዚራ ዛፍ ስር ሆኜ ነው ያነበብኩት፣ አለቀስኩ። እህቴ ሪያ ያልሽውን የንስሐ አባታችን ከንቱ ውዳሴ ነው ሚሉት፣ ሁሌ እየሰማሁት ለኔ አይመስለኝም ነበር። ቅዳሜ ልነግራት ነው። ጋሼ አንድ ጥያቄ፣ ካኪውን ምን አደረጉት?

ጡረተኛው የለገሃር፦

አለ፣ ሳጥን ውስጥ። አልጣልኩትም። ለምን እጥለዋለሁ፣ 31 አመቴ ነው እኮ። አልለብሰውም እንጂ።

የሳቢያን ልጅ፦

ሰላም ጀመዓ። ነገርኳት።

ቅዳሜ ከሰዓት ሙቀቱ በረድ ሲል እናቴ በረንዳ ላይ ምስር ስትለቅም አጠገቧ ተቀምጬ ከሰፌዱ ማዶ እኔም መልቀም ጀመርኩ። መጀመሪያ ሳቀች፣ ‹ምን ነካህ ዛሬ› አለች። ትንሽ ቆየሁና ‹እማ 14 ወር ሆነኝ ባጃጅ ስነዳ፣ ድርጅቱ አሰናብቶኛል፣ ድሬ አልመደቡኝም› አልኳት። እህቴ ያንቺ አክስት እጇ አላቆመም፣ የናቴ ግን ቆመ። ሰፌዱ ላይ ያለችውን አንዲት ጠጠር ይዛ ቀረች። ‹የሰጠኸኝ ደሞዝስ?› አለች። የባጃጅ ነው አልኳት። ከዛ ዝም ብላ ቆየችና ‹ታዲያ ለገብርኤል ያስገባሁት ጥላ የውሸት ነው?› አለችኝ። ይሄን ጠብቄ ነበር ግን ከአፏ ሲወጣ ሌላ ነው። ልመልስ ብዬ ሳይኮ ያልከኝ ትዝ አለኝ፣ ዝም አልኩ። ተነስታ ነጠላዋን አጣፍታ ለሰርክ ጸሎት ሄደች። ምስሩን ብቻዬን ለቅሜ ጨረስኩት።

እሁድም ሰኞም ምግብ ታቀርባለች፣ ብላ ትለኛለች፣ ከዛ ውጪ ቃል የለም። የተናደደችው ባጃጅ መንዳቴ አይደለም መሰለኝ። እድር ላይ፣ ማህበር ላይ፣ ልጄ እንዲህ ሆነ ስትል ነበር፣ እኔ ነኝ ሳታውቅ እሷንም ያስዋሸኋት። ይሄን ከመናገሬ በፊት አላሰብኩትም ነበር፣ የኔ ሸክም ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ቲሸርቴን ለብሼ ነው ከቤት የወጣሁት። ቦርሳውን አልያዝኩም። ጋራዥ ስደርስ መጀመሪያ ያደረግኩት ስፖኪዮውን ማስተካከል ነው፣ የኋላ መኪና እንዲያሳይ። አታምኑኝም፣ መንገዱ ሰፍቶ ነው የታየኝ። ከሳቢያን ወደ አሸዋ ሚሄዱ ሁለት ሴቶች ጫንኩ፣ አንዷ አይታ አይታ ‹የእነ እገሊት ልጅ አይደለህ?› አለችኝ፣ ነኝ አልኳት፣ ‹ደህና ናት?› አለች፣ ደህና ናት፣ በቃ። ታሪፏን ከፍላ ወረደች። 14 ወር የሸሸሁት ይሄን ነው።

ቀን 7 ሰዓት ላይ ከዚራ መተኛቱን ትቼ ደቻቱ ጋ አቆምኩ። ከጎርፉ በኋላ የተሰራውን ግንብ ሁሌ አልፈዋለሁ፣ አይቼው ግን አላውቅም። ወርጄ በእግሬ ትንሽ ሄድኩበት። አንድ ቦታ ስሩን ውሃው በልቶታል፣ አሸዋው ተጠርጎ መሰረቱ ብቅ ብሏል፣ በስንዝር ለካሁት። ፎቶ አንስቻለሁ፣ ነምበር ዋን አይዞህ አልለጥፈውም፣ ቀጣይ ክረምት ሳይመጣ ለሚመለከተው ክፍል ጽፌ ልወስደው ነው። ይቀበሉኝ አይቀበሉኝ አላውቅም። ሙቀቱ ጭንቅላቴን ሲመታኝ ነው ሰዓቱ መሄዱን ያወቅኩት።

ትላንት ማታ ባጃጇን ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት አመጣኋት፣ ባለንብረቱን አስፈቅጄ። ደጃችን ላይ አቆምኩ። የጎረቤት ህጻናት ወጥተው ወርደው ጨረሷት። ዛሬ ጠዋት ስነሳ እናቴ በእርጥብ ጨርቅ የኋላውን ወንበር ስትጠርግ አየኋት፣ የህጻናቱ እግር አቧራ አድርጎት ነበር። ምንም አላለችኝም፣ እኔም ምንም አላልኳት። ጠርጋ ጨርሳ ጨርቁን አጥባ ገመድ ላይ አሰጣችው።

ጋሼ፣ ነገ መጋላ በኩል ስለምጭን ካሉ ብቅ እላለሁ። አሁን ልውጣ፣ የዛሬ ገቢ ገና ነው።